የጆሮው ምርጫ

«ሰውየው የሞተው ሙዚቃ እያዳመጠ ነው» አለ በስልኩ የመጣው የፖሊስ ድምፅ። «ኮረንቲ ይዞት። ገዳዩም ተገኝቷል፤ አምፕሊፋየሩ ነው።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ይህቺን «ቆይ» የማያውቅ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የለም። መርማሪዋ ጥያቄ ልትጠይቅ ስትል ትቀድማታለች፤ ምሳ ስታዝም ሳትቀር አፏ ላይ ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ቆይ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት የደፈረ ግን የለም። ያን ሰሞን ደግሞ ጭራሽ የሚጠጋት አልነበረም። እሷው ቃል አቀባበል፣ እሷው ሪፖርት አጻጻፍ ያስተማረችው ልጅ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። በራፉ ላይ ስሙና ማዕረጉ ተለጥፏል፤ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር ሳትፈልግ ታነበዋለች። ለሰው «ደስ ብሎኛል» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ አንጀቷ ድብን ብሏል።

ሟቹን ሁሉም «ጆሮው» ይለው ነበር። የሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ቀጂ ሆኖ ኖሮ በጡረታ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ በሚወጣ መጽሔት ላይ ስለ ድምፅ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ነው። እሱ «ይህ ጥሩ ነው» ያለው መሣሪያ ወረፋ ይያዝለታል፤ ዝም ብሎ ያለፈውን ደግሞ ሠሪው ራሱ ይረሳዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። የማዳመጫው ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ አንድ የተደላደለ ወንበር፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ሙሉ የሸክላ መደርደሪያ። ሟቹ ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። ማዳመጫው ከራሱ ወልቆ ደረቱ ላይ አርፏል። የቀኝ መዳፉ ጠረጴዛው ላይ ባለው አምፕሊፋየር የብረት ገላ ላይ ተለጥጦ ቀርቷል።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት አምፕሊፋየሮች ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም የድሮው ዓይነት፣ ሲበሩ እንደ ትንሽ አምፖል የሚቀሉ ቫልቮች ያሏቸው ናቸው። አንዱ ጋሽ ብየዳ የሚሉት ሽማግሌ ሥራ ነው፤ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ። ሌላው የጋሽ ብየዳ ተማሪ የነበረች፣ አሁን የራሷን ወርክሾፕ የከፈተች ሴት የሠራችው ነው። ጆሮው ለወሩ መጽሔት ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ነበር። መዳፉ ያረፈው በሴትዮዋ ሥራ ላይ ነው።

«ከፍቼ አየሁት» አለ የፖሊሱ ቴክኒሻን። «የመሬት ሽቦው ተላቅቋል። የመብራቱ ሽቦ ደግሞ ገላውን ነክቶ ነው ያለው። የነካው ሁሉ ይያዛል። ሠሪዋን ከወርክሾፗ አምጥተዋታል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ ገለበጠች። መዳፉ ንጹሕ ነው። የተቃጠለው የአመልካች ጣቱ ጫፍ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ከዚያ የአምፕሊፋየሩን የድምፅ መጠን ቁልፍ አየች። ከአንድ እስከ አሥር ተቆጥሯል፤ የቆመው ስድስት ላይ ነው። ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ምን እንደሚረቧት ግን ገና አታውቅም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ክፍሏ ከማዳመጫው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። የግራ እጇ አንጓ በፋሻ ታስሯል።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ጀርባውን ሳይ ኖርኩ» አለች። «ከሥራ ይመጣል፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋል፣ አበቃ። ባወራውም አይሰማ። ሴት ብትሆን ጸጉሯን እጎትት ነበር። ማዳመጫ ምን ይደረጋል?»

«ቆይ እትዬ፤ ዛሬ ምን ሰሙ?»

«ጠርዝ በእጄ እየሰፋሁ ነበር፤ መኪናው ዝም ብሏል። የውጭው በር ድው ብሎ ተዘጋ። ጋሽ ብየዳ ሄደ ማለት ነው አልኩ፤ ከምሳ በኋላ መጥቶ እዚያው ነበሩ። ክሬ አልቆ ነበር። መርፌው ውስጥ ሌላ ክር እስካስገባ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሙዚቃ!» ሴትዮዋ ግድግዳውን በእጇ መታች። «በዚህ አልፎ! ከዚያ ክፍል ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም እኮ፤ ሁሉ ነገር ለራሱ ጆሮ ብቻ ነው። ‹ዛሬ ለማን ነው የሚያሰማው? ማንን አስገብቶ ነው?› ብዬ ደሜ ፈልቶ ገባሁ። ለጠብ ነው የገባሁት። ምነው ለጠብ ባልገባሁ!»

መርማሪዋ ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች።

«መጀመሪያ ምን ነኩ?»

«ሶኬቱን ነቀልኩ። ‹ሳትነቅዪ እንዳትነኪ› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የኖረው። ከጠረጴዛው ጀርባ እጄን ስሰድ ነው ይሄ የተቃጠለው።»

«የትኛው አቃጠለዎት?»

«ያኛው የጋሽ ብየዳው። አምፖሎቹ እንደ ቀንድ ወደ ውጭ የወጡት። የልጅቷን ማዳመጫውን ሳወልቅ በክንዴ ነክቼዋለሁ፤ እሱ ገና ለብ ነው ያለው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከጓሮ ባለው ክፍል ይኖራል፤ ሙዚቃ አስተማሪ ነው። ሀዘኑ እውነት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ቅናቱም እውነት ነው፤ ሊደብቀውም አልሞከረ።

«እኔ አምስት መሣሪያ እጫወታለሁ» አለ። «እሱ ፉጨት እንኳ አይችልም። ግን ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር ሰው ዞር የሚለው ወደ እሱ ነው። እናታችን ሳትቀር! ቅናት የሚያስገድል ቢሆን ሃያ ዓመት ባልቆየሁም ነበር።»

«ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የት ነበሩ?»

«ስምንት ተማሪ ይዤ ሳዘምር። ቢጠየቁ ይናገራሉ፤ እንዲያውም አንዷ ልጅ ከቅኝት ወጥታ አንገሽግሻኛለች።»

ወደ ጋሽ ብየዳ ወርክሾፕ ስትሄድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ካቻቢቴዎቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ሽቦው በየቀለሙ ተጠቅልሏል። ንጽሕናው መርማሪዋን ደስ አላት።

«እህቴ ደውላ ነው የነገረችኝ» አለ፤ የሟቹን ሚስት ማለቱ ነው። «ለጨዋታ ጠርቶኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ተለያየን። ከኔ በኋላ ነው ሙዚቃ የከፈተው፤ እሷም ሰምታለች።»

«የእርስዎን አምፕሊፋየር ዛሬ አብርታችሁት ነበር?»

«የኔን? አልተነካም። ሰኞ እንዳስቀመጥኩት ነው።» ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለ። «እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳት። መበየጃ አያያዝ አታውቅም ነበር። ስትመጣ ሽቦና ክር አትለይም። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

የመርማሪዋ እስክሪብቶ ቆመ። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ፣ እሷም ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ብላዋለች። የሰው ገላ ውስጥ የራሷን ሕመም ያገኘች መስሏት ደነገጠች።

«ቆይ ጋሼ፤ እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም። የማን ይሻል ነበር?»

«ይሄ ምን ይጠየቃል? ያ ጠፍጣፋ ማዳመጫው፣ ፕላነር የሚሉት፣ ጉልበት ይበላል። ቁልፉ ስድስት ሰባት ካልደረሰ አይነሳም። ስንት ዓመት አውቀዋለሁ! ለእሱ እንደኔ ዓይነት ጉልበተኛ ነው የሚስማማው። የሷ ጨዋ ነው፤ ጨዋ ብቻ።»

ተማሪው የነበረችውን ሴት ያገኘቻት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿ ላይ የመበየጃ ጠባሳ አለ። ወርክሾፗ ታሽጓል። ስለ ራሷ አልጠየቀችም፤ መጀመሪያ የጠየቀችው «ጋሼስ ምን አለ? የኔ ጥፋት ነው ብሎ ያምናል?» ብላ ነው።

መርማሪዋ ወንበር ሳበች። «ይልቅ አስረጂኝ። ሰው በዚህ ዘመን ቫልቭ ምን ይሠራለታል?»

ልጅቷ ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ትንሽ ነፍስ ዘራች። «ለሙቀቱ ነው። ድምፁ አይሾልም። ዘፋኟ አጠገብዎ ተቀምጣ ትንፋሿን የሚሰሙ ይመስልዎታል። ግን ማዳመጫውን ማወቅ አለብዎት። ጋሽ ጆሮው ረቡዕ ዕለት አዲስ መጣለት። ሲያዩት ያው የድሮው ነው፤ መልኩም ቅርጹም አንድ። ውስጡ ግን በጣም ስስ ነው፤ በሹክሹክታ ይነሳል። እሱ ጉልበት አይፈልግም፤ ዝምታ ነው የሚፈልገው። አምፕሊፋየሩ ትንሽ እምምታ ካለው በድሮው ማዳመጫ አይሰማም፤ በዚህኛው ግን ንብ ጆሮዎ ገባ ማለት ነው። ሐሙስ ጠርቶኝ የኔን እምምታ አጠፋሁለት።»

«ስንት ቁጥር ላይ ነበር የሚያዳምጠው?»

«ሁለት ላይ። ሦስት ላይ ያማል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ማንም። በምን ሰምቶ እንደሚፈርድ ለሰው አይናገርም። እኔም ራሴ ላይ አድርጌ ስሰማ ነው የነቃሁት።»

«ቆይ፤ ሲበራ ወዲያው ይሰማል?»

«ኧረ! ቫልቭ እኮ ነው፤ መሞቅ አለበት። የኔ አርባ ሰከንድ ይፈጃል። እስከዚያ ዝም ነው።»

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። «ቢፈቱኝስ ምን ዋጋ አለው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚህ በኋላ እኔ የሠራሁትን ዕቃ በእጁ የሚነካ ማን አለ?»

በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። ሰውየው በኮረንቲ መሞቱ አያጠራጥርም፤ ግን ወዲያው አልሞተም፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነፍሱ ነበረች። ቀጥሎ አዲሱ ኃላፊ ደወለ። ነገሩ ግልጽ ስለሆነ መዝገቡ በሠሪዋ ላይ ተዘግቶ ዛሬውኑ ይቅረብልኝ አለ። «ቆይ» ብላ ዘጋችበት፤ ትንሽም ደስ አላት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በማዳመጫው ክፍል ተሰበሰቡ። ሚስትየው፣ ወንድሙ፣ ጋሽ ብየዳ፣ በሁለት ፖሊስ መካከል ደግሞ ልጅቷ። ባዶው ወንበር ላይ ማንም ሊቀመጥ አልፈለገም። ቴክኒሻኑ የልጅቷን አምፕሊፋየር ሽቦ ወደ ቦታው መልሶታል።

መርማሪዋ ምንም ሳትናገር ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሸክላውን አስነሳች፤ መርፌውን አወረደች፤ ቁልፉን ስድስት ላይ አደረገች፤ አምፕሊፋየሩን አበራችና ወጣች። እርምጃዋ በኮሪደሩ ተሰማ። የውጭው በር ድው አለ።

ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ቆየ። ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። ቫልቮቹ ቀስ በቀስ ቀሉ።

ከዚያ ማዳመጫው ጮኸ። ከሁለት ትንንሽ ሰሌዳዎች ይወጣል የማይባል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወንድምየው ሁለት ጆሮውን ያዘ፤ ሚስትየው «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» እያለች ተነሳች። ጋሽ ብየዳ ግን ከማዳመጫው ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። የደነገጠው እንደ ባለሙያ ነው፤ ስሌቱ የተሳሳተበት ሰው ድንጋጤ።

መርማሪዋ ተመልሳ ገብታ አጠፋችው።

«ትናንት እትዬ የሰሙት ይህንን ነው» አለች። «በሩ ተዘጋ፣ ጸጥ አለ፣ ሙዚቃ መጣ። ሁላችንም ‹እንግዳው ከወጣ በኋላ ሙዚቃ ከፍቷል፤ ስለዚህ በሕይወት ነበር› አልን። ግን አሁን እንዳያችሁት የተከፈተው በሩ ከመዘጋቱ በፊት ነው። የከፈተው ሰው ቫልቩ እስኪሞቅ አልጠበቀም። ስለዚህ የሠራውን ስሕተት ሳይሰማ ሄደ።»

«ራሱ ወንድሜ ከፍቶ ተቀምጦ እንግዳው ብቻውን ወጥቶ ቢሆንስ?» አለ ወንድምየው።

«ቆይ። ስድስት ላይ? እርስዎ አሁን ከዚያ ሆነው ጆሮዎን ያዙ፤ እሱ ራሱ ላይ ሊያደርገው? ይህ ማዳመጫ አዲስ ነው፤ እሱ በሁለት ነበር የሚሰማበት። ይቺም ልጅ ታውቃለች፤ አድርጋ ሰምታዋለች። እትዬ ቁልፉን ነክተው አያውቁም፤ እርስዎም ስምንት ምስክር አለዎት። ስድስት ላይ የሚከፍተው የድሮውን ማዳመጫ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ፣ አዲሱን ግን አንድም ቀን ራሱ ላይ ያላደረገ ባለሙያ ነው። ‹ስድስት ሰባት ካልደረሰ አይነሳም› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ብየዳ ዞሩ።

«ግምት ነው» አለ።

«የእትዬ እጅ ግምት አይደለም። የእርስዎ አምፕሊፋየር እንዳልተነካ ነግረውኛል። ያልበራ ቫልቭ ቆዳ ይልጣል? ገዳይ የተባለው ለብ ብሎ፣ ያልተነካ የተባለው እሳት ሆኖ ነው የተገኘው። ጣቱም አለ። ብረት ላይ መዳፉን ዘርግቶ የተያዘ ሰው መዳፉ ይቃጠላል፤ የእሱ ግን የጣቱ ጫፍ ነው። አንድ ቦታ አመልክቶ ነው የነካው፤ የተከፈተ አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ። የእርስዎን። ከዚያ የሷን ፈቱ፣ ሽቦውን አጣመሙ፣ እሱን ወንበሩ ላይ አስተካክለው ማዳመጫውን ጫኑበት፤ የእርስዎን አጥፍተው የዘጉት በመጨረሻ ነው። ካቻቢቴ ከኪስዎ እንደማይለይ እዚህ የማያውቅ የለም። ያ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል ጋሼ? ሐኪሙ እንደሚለው ሩብ ሰዓት ሙሉ በሕይወት ነበር።»

ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። ሲናገር የተናገረው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለልጅቷ ነው።

«‹ያንተ እምምታ አለው፤ መጥተህ እየው› አለኝ። የኔ! ‹አድርገውና ስማው› ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ የሠራሁትን እኔ አላውቅም? አብርቼ ከፈትኩት። ‹የልጅቷ ግን ጸጥ ያለ ነው› አለኝ። ያውም ፈገግ ብሎ። ከዚያ ‹ከዚህ ይሆናል የሚመጣው› ብሎ ጣቱን ሲሰድ አየሁት። ‹ተው› ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች።»

«አላሉትም» አለች መርማሪዋ።

«አላልኩትም።»

«ከወደቀ በኋላስ?»

«ይተነፍስ ነበር።» ፊቱ አመድ መሰለ። «ስልኩ እዚያ ነበር። እኔ ያየሁት ግን የሷን አምፕሊፋየር ነው።»

ልጅቷ «ጋሼ» አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መርማሪዋም ያስተማረችው ልጅ በራፍ ላይ የተለጠፈው ስም ትዝ ብሏት ራሷን ፈራች። ይህን ሽማግሌ የያዘችው ብልህ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን ከሆዷ ስለምታውቀው ነው።

ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ሲያስነሱት ስለሚጠብቀው ነገር አልጠየቀም። ስለ እስሩም፣ ስለ ወርክሾፑም ትንፍሽ አላለም። ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ። ለአንቺ ሳይነግርሽ አይቀርም። የማንን መረጠ?»

«ነግሮኛል» አለች። «ትናንት ምሳ ላይ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ከሥራው ነገር አጫወተኝ።»

«የማንን?»

ሴትዮዋ ቀረብ አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «የሷን ነው ብልህ፣ ‹ስለበደለኝ ነው› ብለህ ታርፋለህ። ያንተን ነው ብልህ፣ ‹ድሮም በልጫታለሁ› ብለህ ታርፋለህ። እሱ ሲተነፍስ አይተህ ዝም አልከው። እኔም ዝም እልሃለሁ።»

«በእግዜር ይዤሻለሁ!»

መልስ አልሰጠችውም። ኮሪደሩን እስኪጨርስ ሦስት ጊዜ ዞሮ አያት፤ ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑ የሚጠይቀው ያንኑ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ መርማሪዋ ዞራ በሩን እንድትዘጋላት ለመነቻት።